ጆይስቲክን ለአካል ጉዳተኛ ተጫዋች ማመቻቸት፦ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከቦሩ ሜዳና ከወልድያ የደረሱኝን ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ብዙዎቻችሁ የጀመራችሁት «ምን ልግዛ?» ብላችሁ ነው። መቅደም ያለበት ግን «ይህ ሰው ሳያመውና ሳይደክመው ደጋግሞ ማንቀሳቀስ የሚችለው የትኛውን የሰውነት ክፍሉን ነው?» የሚለው ነው። ጣት ሊሆን ይችላል፣ ክርን፣ ጉልበት ወይም አገጭ። እሱ ከታወቀ የዕቃው ነገር ቀላል ነው።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦ ጌም ቤት አለኝ። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የሌለ ልጅ ፊፋ መጫወት ይፈልጋል። ያለኝ ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) ነው። ልዩ ጆይስቲክ ላስመጣ?

መልስ፦ አታስመጣ፣ ባለህ ዕቃ ዛሬውኑ ይጫወታል። ፊፋ ውስጥ የመቆጣጠሪያ ምርጫው ላይ «ቱ በተን» የሚባል አለ፤ አንዱ ቁልፍ ለማቀበል፣ ሌላው ለመምታት ሆኖ ብዙውን ቀሪ ሥራ ጌሙ ራሱ ይሸፍናል። ቀጥለህ የፒኤስ 4ቱን ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያ በተን አሳይንመንትስ ክፈትና እነዚያን ሁለት ቁልፎች ወደ ኤል1 እና ኤል2 (በግራ ጠርዝ ወዳሉት ሁለት ቁልፎች) አዛውራቸው። ግራ አውራ ጣቱ ስቲኩን ይይዛል፣ አመልካች ጣቱ ኤል1ን፣ የመሀል ጣቱ ኤል2ን ይጫናል።

የሚቸግረው ጆይስቲኩ በአንድ እጅ ሲያዝ መሸሹ ነው። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ላይ በቬልክሮ አጣብቀው፤ ከጣውላው ሥር ደግሞ የከመነዳሪ ቁራጭ ለጥፍበት፣ ጠረጴዛውን ወይም ጭኑን ይዞ ይቀራል። ሌላ ደንበኛ ሲቀመጥ የቁልፍ ለውጡን እዚያው ገጽ ላይ ማጥፋት አትርሳ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ውጭ ያለ ዘመድ የኤክስቦክስ አዳፕቲቭ ኮንትሮለር (ለአካል ጉዳተኞች የተሠራውን) ሊልክልን ነው። ለፒኤስ 4 ይሆናል?

መልስ፦ በቀጥታ አይሆንም። እሱ በ2018 የወጣው ለኤክስቦክስና ለዊንዶውስ ኮምፒውተር ነው። የሶኒው አክሰስ ኮንትሮለር በ2023 መጨረሻ የወጣ ሲሆን የተሠራው ለፒኤስ 5 ነው። ቤታችሁ ኮምፒውተር ካለ የኤክስቦክሱ ይሻላችኋል፦ ከኋላው 19 የ3.5 ሚሊ ሜትር ሶኬቶች ስላሉት እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው አውጥቶ በተፈለገው ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል። የሶኒው 4 ብቻ ነው ያለው። ዘመዳችሁ ሳይልክ በፊት ግን ይህን ንገሩት፦ በእነዚያ ሶኬቶች የሚሰኩት ቁልፎች አብረው አይመጡም። ለብቻ ይሸጣሉ፣ ወይም እዚሁ ይሠራሉ።

ጥያቄ (ወልድያ፣ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ)፦ እዚሁ እንዴት ይሠራል? ዕቃውንና አሠራሩን በዝርዝር።

መልስ፦ ርካሹን ባለ ዩኤስቢ ገመድ የኮምፒውተር ጆይስቲክ ውሰድ። የፒኤስ 4ን አትንካ፤ የቁልፎቹ መስመር ያለው በስስ ፕላስቲክ ላይ ነው፣ ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል። የርካሹ ግን ቦርዱ ላይ ነው የታተመው።

ቪቴዎቹን ፈትተህ ስትከፍት ከእያንዳንዱ የጎማ ቁልፍ ሥር ሁለት ጥቁር የካርቦን ግማሾች ታያለህ። ገመዱ ከኮምፒውተር ተነቅሎ መልቲሜትሩን በድምፅ መለኪያው ላይ አድርግና አንዱ ግማሽ ለሁሉም ቁልፎች የጋራ መሆኑን ፈትሽ። የጋራ ከሆነ አንድ ሽቦ ለሁሉም ይበቃል። ካልሆነ ለየቁልፉ ሁለት ሁለት ታወጣለህ።

ካርቦን ሶልደር አይዝም። በምላጭ ቀስ ብለህ መዳቡ እስኪያበራ ፋቀውና ቀድመህ ስስ ሶልደር ቀባው። የሶልደር ማሞቂያው ከ25 እስከ 30 ዋት ይሁን፤ ከ3 ሰከንድ በላይ ካቆየኸው መዳቡ ከቦርዱ ይላቀቃል፣ ከተላቀቀ መመለሻ የለውም። ስለዚህ መስመሩን በዓይንህ ተከትለህ ቀዳዳ ያለው ነጥብ ካገኘህ እዚያ ላይ አያይዝ፣ ያ ይጸናል። ሽቦው ብዙ ክር ያለው ስስ ይሁን፤ ከአሮጌ ማውስ ገመድ የሚወጣው ጥሩ ነው። የኔትወርክ ገመድ አንድ ወጥ ሽቦ ስለሆነ ሲተጣጠፍ ይሰበራል። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሆት ግሉ ካላጸናኸው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣልሃል፤ ሥራው በብዛት የሚበላሸው እዚች ላይ ነው።

የሽቦዎቹን ጫፍ ሳጥኑ ላይ ከተተከሉ የ3.5 ሚሊ ሜትር ሶኬቶች ጋር አገናኝ፦ አንዱን ከጫፉ፣ ሌላውን ከግንዱ። ያገኘኸው የስቴሪዮ ሶኬት ከሆነ የመሀሉን ቀለበት ባዶ ተወው። የ3.5 ሶኬት መጠቀሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ የሠራኸው ቁልፍ ነገ የኤክስቦክሱ አዳፕቲቭ ቢመጣ እሱም ላይ ይሰካል።

ለቁልፍ አዲስ የበር ደወል መጥሪያ ይሆናል፤ ሲጫኑት ይገናኛል፣ ሲለቁት ይለያያል። የመብራት ማብሪያ አይሆንም፣ ተጭኖ ይቀራል። በጣም ለደከመ ጣት ረጅም ምላስ ያለው ማይክሮስዊች ፈልግ፤ ምላሱ በረዘመ ቁጥር የሚጠይቀው ጉልበት ያንሳል። ሦስት እግር አለው፤ የምትይዘው «ኮም» እና «ኤንኦ» የተባሉትን ነው። «ኤንሲ»ን ከያዝክ ቁልፉ ሳይነካ ሁልጊዜ የተጫነ ይሆናል።

ጥያቄ (ሐይቅ፣ እናት)፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) አለበት። ቁልፍ ስንሰጠው እጁ አልፎት ይሄዳል ወይም ይመታዋል።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ይህ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከቁልፉ ሳይሆን ከአቀማመጡ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከሆነ ሰውነቱ ሚዛን ለመጠበቅ ሲታገል እጁ የባሰ ይገታተራል። እግሩን በርጩማ ወይም ሳጥን ላይ አሳርፊለት፣ ወገቡን በትራስ ደግፊ፣ ክርኑም ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ብርድም ጡንቻውን ያገትረዋል፤ በክረምት ጠዋት ከመጫወቱ በፊት እጁን በጋቢ ሸፍኖ ማሞቅ ይጠቅማል።

ከዚያ ቦታ ፈልጉ። ሰፊ ቁልፍ፣ ቢያንስ የሻይ ማስቀመጫ የሚያህል፣ በእጁ፣ በጉልበቱ፣ በጭንቅላቱ ጎን እያስቀመጣችሁ አስር አስር ጊዜ ይጫን። ስምንት ጊዜ ያህል ካገኘው ቦታው እሱ ነው። እጁ እየመጣ የሚመታው ከሆነ ቁልፉን አታርቂው፤ በቪቴ ጣውላ ላይ አጽኑትና ጣውላውን ከጠረጴዛው ጋር እሰሩት፣ ቢመታውም እንዳይንቀሳቀስ። አንድ ቁልፍ ብቻ የሚበቃቸው ጌሞች አሉ፤ መኪናው ራሱ እየሄደ በመጫን ብቻ የሚዘል ዓይነት። በዚያ ይጀምር። እየለመደ ሲሄድ ሁለተኛ ቁልፍ ይጨመርለታል።

እህት ወይም ወንድም ካለው አብረው መጫወት ይችላሉ። ኤክስቦክስ ላይ ቀድሞ «ኮፓይለት» ይባል የነበረው፣ አሁን «ኮንትሮለር አሲስት» የሚባለው ሁለት ጆይስቲክን እንደ አንድ ያስቆጥራል፤ እሷ መሪውን ስትይዝ እሱ ይመታል። ፒኤስ 5 ላይም አክሰስ ኮንትሮለሩን ከመደበኛው ጋር ማጣመር ይቻላል። አደራ፣ ወሳኙን ቁልፍ ለእሱ ስጡት። የማይጠቅም ቁልፍ የተሰጠው ልጅ ቶሎ ያውቃል።

ጥያቄ (ቦሩ ሜዳ)፦ ከሥጋ ደዌ የዳነ ጎልማሳ ጣቶቹ የታጠፉና ስሜት የሌላቸው ናቸው። ምን መጠንቀቅ አለብን?

መልስ፦ ስሜት የሌለው እጅ ቢላጥም አይሰማውም። ትልቁ አደጋ ይኸው ነው። የጣውላውን ጠርዝ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ቪቴ አይውጣ፣ እጁ የሚያርፍበት ላይ ስፖንጅ ይደረግ። በየ20 ደቂቃው ቆም ብሎ እጁን በዓይኑ ይይ፤ የቀላ ቦታ ካለና ቶሎ ካልጠፋ ቁልፉ ቦታ ይቀይራል። መጫኑን በጣቱ ስለማያውቅ አጥብቆ ይጫናል፤ ስለዚህ ቀጭ የሚል ድምፅ ያለው ቁልፍ ምረጡለት፣ በጆሮው ያውቀዋል። ቁልፉ ሰፊ ከሆነ በመዳፉ ጎን ወይም በእጁ ጀርባ ይጫናል፣ ጣት መዘርጋት አያስፈልገውም።

ጥያቄ (ደሴ፣ አራዳ)፦ የአባቴ እጅ በፓርኪንሰን ይንቀጠቀጣል። አንድ ጊዜ ሲጫን ሦስት አራት ይቆጥራል።

መልስ፦ የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ነው፤ በሁለት ንክኪ መካከል ያለው ጊዜ ከ170 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ አርዱዪኖ ሊዮናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ (ፕሮግራም የሚጫንባቸው ትንንሽ ቦርዶች ናቸው) ፈልግና ቁልፉን በእሱ አሳልፍ። ፕሮግራሙ አንድ ጭነት ከተቀበለ በኋላ ለ300 ሚሊ ሰከንድ ሌላ እንዳይቀበል፣ በዚያ መካከል ሌላ ንክኪ ከመጣም 300ውን እንደገና ከዜሮ እንዲቆጥር አድርግ። የተለመደው የ10 ወይም የ20 ሚሊ ሰከንድ ማጣሪያ የቁልፉን የራሱን ንዝረት እንጂ የእጅን አያቆምም። አርዱዪኖ ኡኖ አትግዛ፤ በፋብሪካው አኳኋን ኮምፒውተር እንደ ጆይስቲክ አያውቀውም።

በተጨማሪ ከቁልፎቹ በላይ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ግጠምበት። እጁን ፕላስቲኩ ላይ አሳርፎ ጣቱን በቀዳዳው ያስገባል፤ ጎረቤት ቁልፍ በስህተት አይነካም።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ የሠራነው ስልክ ላይ ይሠራል?

መልስ፦ አንድሮይድ ከሆነ በኦቲጂ ገመድ (የዩኤስቢ ዕቃን ከስልክ ጋር በሚያገናኘው) ብዙ ጊዜ ይሠራል። ጌሙ ራሱ ጆይስቲክ መቀበሉን ግን አስቀድማችሁ እዩ።

ጥያቄ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ በዊልቸር የሚመጣ ደንበኛ አለ፤ ጆይስቲክ ይችላል፣ ጠረጴዛው ነው የማያስገባው።

መልስ፦ ከጠረጴዛው ሥር እስከ መሬት 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይኑር፣ ጉልበቱ ይግባ። የመሀል እግርና መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ አይሆንም። ስክሪኑ በተቀመጠበት ከዓይኑ ትይዩ ይሁን፣ ቀና ብሎ እንዳያይ። በሩ ላይ ደረጃ ካለ ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 1 ሜትር፣ ቢቻል 1 ሜትር ከ20 የሚረዝም መወጣጫ አሠራ፤ ካጠረ በራሱ ክንድ አይወጣውም።