የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ በየትኛው ቀን ይዋል?

ጥያቄ፦ በነርሲንግ ትምህርት ክፍላችን ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ልንዘክር አስበናል። ያረፉበትን ዓመት አንዱ 1934፣ ሌላው 1935 ይለናል። መቃብራቸውስ ሥላሴ ካቴድራል ነው? (ተማሪዎች፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ትክክሉ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 17 ቀን 1942 ሲሆን፣ ዘመን ሳይለወጥ ስለሆነ 8 ዓመት ይቀነሳል። 1935 የሚለው 7 ከመቀነስ የመጣ ነው። ልደታቸው ግን (ኦክቶበር 13 ቀን 1919) ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ስለሚውል በ7 ይሰላል። ያ ዘመን ጳጉሜ 6 የሆነችበት ነበርና ቀኑ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ነው፤ ጥቅምት 3 የማይባለው ለዚህ ነው። በ22 ዓመታቸው ነቀምት ላይ አረፉ።

ነሐሴ 11 ፍልሰታ ውስጥ ነው፤ ድግስ ካሰባችሁ የጾም ይሁን።

መቃብራቸው ሥላሴ አይደለም። ወላጆቻቸው እዚያ ስላረፉ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልዕልቲቱ ያሉት በበዓታ ለማርያም፣ ምኒልክና ጣይቱ ካረፉበት ከወለሉ በታች ካለው ክፍል ነው።

ለነርሶች ዋናው ቁም ነገር ሙያቸው ነው። በስደት ሳሉ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል እንደማንኛውም ሠልጣኝ ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. ተመረቁ። «በጎ አድራጊ» ብቻ ብሎ ማለፍ ያሳንሳቸዋል፤ የተመዘገቡ ነርስ ነበሩ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በአገራቸው ባስተባበሩት መዋጮ ጭምር የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታላቸው ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ዝግጅቱ እዚያ ከሆነ በግብዣ ካርዱ ላይ የሆስፒታሉን ሁለቱንም ስም ጻፉ፤ አለበለዚያ እንግዳ ይጠፋል።