መልስ፦ ካቡኪ ቲያትር ውስጥ ምግብ ይበላል ወይ?
ቶኪዮ ካቡኪ፣ ማለትም የጃፓን ባህላዊ ቲያትር፣ ስታይ ምግብ ይዞ መግባት ነውር እንዳይሆን ፈርተሃል። አትፍራ! ጊንዛ ሰፈር ባለው ካቡኪዛ ቲያትር በእረፍት ሰዓት ወንበር ላይ ሆኖ መብላት የቆየ ልማድ ነው። ትርኢቱ ሲጀመር ግን ምግቡን አስቀምጥ።

ከቲያትሩ ስር፣ ሂጋሺ ጊንዛ ባቡር ጣቢያ ጋ፣ ምሳ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። "ማኩኖኡቺ" የሚባለው ሩዝ፣ ዓሣና እንቁላል ያለበት ሳጥን ነው፤ ስሙ ራሱ "በመጋረጃዎች መካከል" ማለት ነው። እኔ ግን "ሱኬሮኩ" የሚባለውን ሱሺ (የጃፓን የሩዝ ምግብ) ነው የምመርጥልህ። ሱኬሮኩ ዝነኛ የካቡኪ ጀግና ነው። ፍቅረኛው አጌማኪ ትባላለች። "አጌ" በዘይት የተጠበሰ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ)፣ "ማኪ" ደግሞ ጥቅል ነው። ሱሺውም ሁለቱንም ዓይነት የያዘ ነው፤ አጌና ማኪ አንድ ላይ "አጌማኪ" ስለሚሆኑ፣ በፍቅረኛዋ በሱኬሮኩ ስም ተጠራ ይባላል። እንዴት ደስ ይላል!

ሙሉ ትርኢቱ ሰዓታት ይፈጃል። ከበዛብህ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከትርኢቱ አንዱን ክፍል ብቻ ለማየት የሚሆን ትኬት አለ።