መልስ፦ ስኳር ያለባት ድመት ስኳሯ ሲወርድ

እህቴ፣ «ድመቴ ኢንሱሊን ከወሰደች በኋላ ትንገዳገዳለች፣ ከጆሮዋ ደም ወስጄ ስለካው 48 አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ነቅታ መዋጥ ከቻለች ቶሎ የምትወደውን ምግብ አቅርቢላት። እምቢ ካለች ወይም እግሯ ከተብረከረከ፣ ጣትሽን ማር አስነክተሽ ድዷን ቀቢላት። ማሩ ስኳሩን ቶሎ ከፍ ያደርገዋል፣ ግን ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ትንሽ ነቃ ስትል የግድ ትብላ። በየ15 ደቂቃው ለኪያት። ቁጥሩ ወጣ ብለሽ አትዘናጊ፤ ኢንሱሊኑ ገና እየሠራ ስለሆነ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

የሰው መለኪያ የድመትን ስኳር ከትክክለኛው ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ቢሆንም እየተንገዳገደች ከቁጥር ጋር አትከራከሪ።

ካንቀጠቀጣት ወይም ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ፈሳሽ አታፍስሺ፤ ሳንባዋ ይገባል። ጣትሽንም ከጥርሷ አርቂ፣ ሳታውቀው ትነክስሻለች። ከንፈሯን ገለጥ አድርገሽ ድዷን ትንሽ ማር ቀቢና በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ይዘሻት ሩጪ። ብትድንም የሚቀጥለውን መርፌ ሐኪሙን ሳታናግሪ አትስጪያት። አንዳንድ ድመቶች ስኳራቸው ራሱ እየተሻለ ይሄድና የድሮው መጠን ይበዛባቸዋል።

ሲሪንጁንም እዪው እስቲ። «ላንተስ» (Lantus) እንደሚባለው ያለ ዩ-100 ኢንሱሊን (በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለው) ለ40 ዩኒቱ በተሠራ ዩ-40 ሲሪንጅ ከተቀዳ፣ መስመሩ 2 ላይ ቢሆንም የገባው 5 ዩኒት ነው። በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ጽሑፉ ሲሪንጁ ላይ አለ፣ ክዳኑም ብዙ ጊዜ ለዩ-40 ቀይ፣ ለዩ-100 ብርቱካናማ ነው።