ጥያቄና መልስ፦ የፋይል ስሞችን በሲ መደርደር

ሰላም ለሁላችሁ የጎንደር ልጆች። ቃል በገባሁት መሠረት እስከ ማታ 4 ሰዓት እዚሁ ነኝ። የምንነጋገረው በሲ ቋንቋ አንድን ፎልደር ከነንዑሳኑ እስከ ታች እየወረድን ስናነብ ስሞቹን በቅደም ተከተል ስለማውጣት ነው። የጥምቀት ፎቶዎችን ዝርዝር የሚያወጣውን ፕሮግራም ስትሠሩ ብዙዎቻችሁ የተሰናከላችሁት እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ሪድዲር (readdir፣ የፎልደርን ስሞች አንድ በአንድ የሚያነበው ፈንክሽን) ስለ ቅደም ተከተል ምንም ቃል አልገባም።

ማራኪ፦ ጋሼ፣ ፕሮግራሙም ፎቶዎቹም አንድ ናቸው። የእኔ ላፕቶፕ የሚያወጣው ዝርዝርና የጓደኛዬ ግን ለየቅል ነው። ሁለታችንም ኡቡንቱ ነው የምንጠቀመው።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በደንብ ልመልስልሽ። ሁለታችሁም ዲስካችሁ ላይ ያለው ኢኤክስቲ 4 ይሆናል። ይህ የፋይል ሥርዓት በትልልቅ ፎልደሮች ውስጥ ስምን ቶሎ ለማግኘት ሲል እያንዳንዱን ስም ወደ ሃሽ ቁጥር (ከስሙ ተሰልቶ ወደሚወጣ ቁጥር) ይለውጠዋል። ሪድዲር ስሞቹን የሚያቀብልሽ በዚያ ሃሽ ተራ ነው። ሃሹ የሚነሣበት ቁጥር ደግሞ ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ለብቻው የሚመረጥ ነው። ስለዚህ የአንቺና የጓደኛሽ ዲስክ ያንኑ ስም የሚያስቀምጡት በተለያየ ቦታ ነው። ሁለቱም ላፕቶፖች ትክክል ናቸው፤ ስህተቱ ከእነሱ ተራ መጠበቃችን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎልደሩን ክፈቺ፤ ስሞቹን ሁሉ አንብበሽ በስትርደፕ (strdup፣ ጽሑፍ የሚቀዳ ፈንክሽን) እየቀዳሽ ድርድር (array) ውስጥ አስገቢ፤ «.» እና «..» የተባሉትን ሁለቱን (ፎልደሩን ራሱንና የበላዩን) እለፊያቸው፤ ፎልደሩን ዝጊ፤ በኪውሶርት (qsort፣ የሲ መደርደሪያ ፈንክሽን) ደርድሪ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ንዑሳኑ ውረጂ። ሳትዘጊ ከወረድሽ በየደረጃው አንድ የተከፈተ ፋይል እየያዝሽ ነው የምትሄጂው፤ ብዙ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ለአንድ ፕሮግራም የተለመደው ገደብ 1024 ነው። ስሙን መቅዳትም ግዴታ ነው። ሪድዲር የሚሰጥሽ ፖይንተር (ስሙ ያለበት የማህደረ ትውስታ አድራሻ) በሚቀጥለው ጥሪ ላይ ሊጻፍበት ይችላል፤ ፖይንተሩን ብቻ ያስቀመጠ ሰው አንድ ስም መቶ ጊዜ ተደጋግሞ ቢያገኝ አይገረም።

አዘዞ፦ እኔ ዊንዶውስ ላይ ነኝ፤ ሁልጊዜ በፊደል ተራ ነው የሚመጣልኝ። ታዲያ ለምን ልልፋ?

መልስ፦ የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት ኤንቲኤፍኤስ የፎልደሩን ማውጫ በስም ተራ ስለሚይዝ ነው። ማይክሮሶፍት ግን በራሱ ሰነድ ለዚህ ዋስትና አይሰጥም። ያንኑ ፕሮግራም በፋት 32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ሞክረው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹ በተጻፉበት ተራ ይመጡልሃል፤ መሃል ላይ አንዱ ከጠፋ ደግሞ አዲሱ በጠፋው ቦታ ሊገባ ይችላል። መዝሙር በፍላሽ ገልብጣችሁ ማጫወቻው ቁጥር 7ን ከቁጥር 1 በፊት ሲያዘምር ሰምታችሁ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ደርድር።

ቀሃ፦ የእኔ ኮድ አይሠራም፤ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምን ጠብቀህ ምን አገኘህ? ኮዱስ የታለ? እንዲህ ሆኖ አይመለስም።

ቸቸላ፦ ስትርከምፕን (strcmp፣ ሁለት ጽሑፍ ባይት በባይት የሚያወዳድረውን) በቀጥታ ለኪውሶርት ሰጠሁት። ኮምፓይለሩ አስጠነቀቀኝ፤ ካስት አድርጌ (ዓይነቱን በግድ ለውጬ) አለፍኩት። ውጤቱ ግን ትርምስ ነው።

መልስ፦ ማስጠንቀቂያውን በካስት አፍነኸዋል። ኪውሶርት ለማወዳደሪያው የሚሰጠው የድርድሩን አባል ሳይሆን የአባሉን አድራሻ ነው። አባሉ ራሱ የስም ፖይንተር ስለሆነ የሚደርስህ የፖይንተር ፖይንተር ነው። ስትርከምፕ ግን የፖይንተሩን ባይቶች እንደ ፊደል ያነባቸዋል፤ ስምህን ጭራሽ አላየውም። ሁለት መስመር ማወዳደሪያ ጻፍ፤ አንድ ደረጃ ፈትተህ ስትርከምፕን ጥራ።

ፒያሳ፦ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነገር የለም?

መልስ፦ አለ። ስካንዲር ያነባል፣ ያጣራል፣ ይደረድራል፤ ከ2008 ጀምሮ ፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች የጋራ ደረጃ) ውስጥ አለ። ማሎክ የተደረገውን (ማህደረ ትውስታ የተያዘለትን) እያንዳንዱን አባል ነፃ ማድረግ ያንተ ፋንታ ነው። ኤፍቲኤስ ደግሞ ሙሉውን ዛፍ ራሱ ይወርዳል፤ ሲከፈት የማወዳደሪያ ፈንክሽን ይቀበላል፤ በዚያ ቦታ ናል (ባዶ ፖይንተር) ከሰጠኸው አይደረድርም። ኤፍቲኤስ ግን ፖዚክስ ውስጥ የለም፤ ከሲ ላይብረሪዎች ጂሊብሲ ላይ አለ፣ መስል ላይ የለም። ሌላው ዛፍ የሚወርድ ፈንክሽን ኤንኤፍቲደብሊው (nftw) የመደርደሪያ ቦታ እንኳ ስለሌለው ለዚህ ሥራ ተዉት።

አልፋሶርትን (ለስካንዲር የሚሰጠውን ዝግጁ ማወዳደሪያ) የምትጠቀሙ ተጠንቀቁ። ጂሊብሲ ላይ የሚያወዳድረው በስትርኮል ነው፤ ስትርኮል ደግሞ የሎካሉን (የተመረጠውን ቋንቋና አገር) ደንብ ይከተላል። ፕሮግራማችሁ ሴትሎካልን ከጠራ፣ የተጠቃሚው ሎካል ሲለወጥ ዝርዝሩም ሊለወጥ ይችላል። ሁለት ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ዝርዝር የሚፈልግ ሰው በስትርከምፕ ይደርድር።

አዘዞ፦ ሪድዲር ላይ «ደርድርልኝ» የሚል ፍላግ የለም?

መልስ፦ የለም። ከላይ ያለውን አንብብ።

ፒያሳ፦ ሌላ ነገር። እኔ «ሥላሴ» ብዬ የሰየምኩት ፎልደርና ወንድሜ «ስላሴ» ያለው ተራራቁ፤ መሃላቸው «ራስ ግንብ» ገባ። ሁለቱም የደብረ ብርሃን ሥላሴ ፎቶዎች ናቸው።

ቸቸላ፦ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ፕሮግራሙ አንድ አድርጎ ይቁጠራቸው።

ቀሃ፦ እንዴት ተደርጎ! ንጉሡ ሠ ሌላ፣ እሳቱ ሰ ሌላ። የጎንደር ልጅ ሆነህ፣ ሊቃውንቱ በሞሉበት አገር፣ ይህን ትላለህ?

ቸቸላ፦ እኔ ስለ ፍለጋ ነው የማወራው፤ ስለ ቅኔ አይደለም። ሰው ፀሐዩን ፀ ይሁን ጸሎቱን ጸ መርጦ እንደጻፈ ማን ያስታውሳል?

ቀሃ፦ የማያስታውስ ይማር።

መልስ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ፊደላችንን በ1999 በወጣው 3.0 ዕትሙ ሲያስገባ በሀ ለ ሐ መ ተራ ነው ያስቀመጠው። ዩቲኤፍ 8 (ያን ቁጥር በባይት የሚጽፈው ዘዴ) ደግሞ ይህን ተራ በባይት ደረጃም ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ስትርከምፕ የሚደረድረው እንደ ፊደል ገበታችን ነው። ንጉሡ ሠ ከረ በፊት፣ እሳቱ ሰ ከረ በኋላ ናቸው፤ «ራስ ግንብ» መሃል የገባው ለዚህ ነው።

ቸቸላ ያለው ይቻላል፤ ግን ወጥመድ አለው። ማወዳደሪያህ «ሥላሴ»ን እና «ስላሴ»ን እኩል ናቸው ብሎ ዜሮ ከመለሰ የትኛው እንደሚቀድም ኪውሶርት ዋስትና አይሰጥም፤ ከሪድዲር የሸሸነው ችግር በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል። ሞክሼዎቹን አንድ አድርገህ አወዳድር፤ እኩል ከሆኑ በመጨረሻ በስትርከምፕ ለያቸው። የቀሃም ሐሳብ አይነካም፤ ስሙ ዲስኩ ላይ እንደተጻፈ ይኖራል።

ማራኪ፦ የስካን ገጾቻችንን ግማሹን በ1፣ 2፣ 10 ሰየምን፤ ግማሹን በግዕዝ ቁጥር። የመጀመሪያው ላይ 10 ከ2 ይቀድማል፤ የግዕዙ ግን በትክክል ተደርድሯል። ለምን?

መልስ፦ ይህን የሚጠይቅ ስጠብቅ ነበር! ግዕዝ ለዐሥር የራሱ ምልክት አለው። ፲ በዩኒኮድ ከ፱ ቀጥሎ ነው፤ ፳ ከ፲ ቀጥሎ፤ እንዲያ እያለ እስከ ፻። ዐሥራ አንድ ፲፩ ተብሎ በ፲ ስለሚጀምር ከ፲ በኋላና ከ፳ በፊት ይወድቃል። በባይት ብቻ፣ ያለ ምንም ብልሃት፣ ከ፩ እስከ ፻፺፱ በትክክል ይደረደራል። 200 ላይ ግን ይፈርሳል፤ ፪፻ በ፪ ስለሚጀምር ተመልሶ በ፪ እና በ፫ መካከል ይገባል። ብራናችሁ ከ199 ገጽ ካለፈ 0001፣ 0002 እያላችሁ ሰይሙ።

ቀሃ፦ የወራት ስምስ?

መልስ፦ አይሆንም፤ መጋቢት መስከረምን ተከትሎ ይመጣል። 2017-05-11 ብለህ ጻፍ።

ቸቸላ፦ የራሴን የባይት ማወዳደሪያ ጻፍኩ። ላፕቶፕ ላይ አማርኛው ከእንግሊዝኛው በፊት ይመጣል፤ ራስበሪ ፓይ ላይ በኋላ።

መልስ፦ ጥፋቱ የቻር (char፣ አንድ ባይት የሚይዘው የሲ ዓይነት) ነው። የፊደላችን የመጀመሪያ ባይት 225 ነው። በላፕቶፕህ ቻር የመቀነስ ምልክት መያዝ ስለሚችል ከ225 ላይ 256 ተቀንሶ ‑31 ይሆናል፤ ፓይ ላይ ምልክት የለውም። ወደ አንሳይንድ (ምልክት አልባ) ቻር ለውጠህ አወዳድር፤ ስትርከምፕ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ፒያሳ፦ ሁሉንም ሙሉ አድራሻ ሰብስቤ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብደረድርስ? ያው አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህ ብዙ ሰው የማያየው ነው። «ጥምቀት» እና «ጥምቀት-ከተራ» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች አሉህ እንበል። በየደረጃው ስትደረድር አጭሩ «ጥምቀት» ይቀድማል፤ ወርደህ ፎቶዎቹን ትጨርሳለህ፤ ከዚያ ወደ «ጥምቀት-ከተራ» ትሄዳለህ። ሙሉ አድራሻ ስትደረድር ግን ከ«ጥምቀት» ቀጥሎ በአንዱ ስላሽ፣ በሌላው ዳሽ አለ። ዳሽ 45፣ ስላሽ 47፤ ስለዚህ «ጥምቀት-ከተራ» ቀደመ። ክፍት ቦታ 32፣ ነጥብ 46 ስለሆኑ እነሱም እንደዚያው ናቸው። አንዱን ዝርዝር በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ሠርታችሁ ብታነጻጽሩ ምንም ሳይጠፋ ፋይል የጠፋ ይመስላችኋል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት እንኳ ለዚህ ነገር የራሱ ደንብ አለው፤ ሲደረድር የፎልደርን ስም ስላሽ እንዳለበት አድርጎ ይቆጥራል። አንዱን መንገድ ምረጡና ጽፋችሁ አስቀምጡ። ሙሉ አድራሻ ደርድራችሁ የየደረጃውን ውጤት ከፈለጋችሁ በማወዳደሪያችሁ ስላሽን ከሌላ ባይት ሁሉ አሳንሱት።

አዘዞ፦ ፓይተን ላይ ቢሆንስ?

መልስ፦ ሌላ ቀን።

ማራኪ፦ ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግሁ፤ የሁለታችንም ዝርዝር አንድ ሆነ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከአዘዞ ዊንዶውስ ያመጣሁት አንድ ፋይል «ስሙ ረዝሟል» ብሎ አልገለበጥ አለኝ። ስሙ 90 ፊደል ገደማ ነው።

መልስ፦ አሜን። ኢኤክስቲ 4 አንድን ስም የሚለካው በባይት ነው፤ ገደቡ 255 ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ የአማርኛ ስም ከ85 ፊደል አያልፍም። ኤንቲኤፍኤስ በሌላ መለኪያ ስለሚቆጥር 255ቱንም ፊደል ይቀበላል። አዘዞ፣ ስሙን አሳጥረህ ላክላት።