ሲቪ ከመደርደር ወደ ሰው ፍለጋ

«ማኔጅመንት ነው የተመረቅኩት። በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የፈቃድ ፎርም መሙላት፣ የሰዓት ፊርማ መቆጣጠርና የሚመጣ ሲቪ መደርደር ነው። በቅርቡ ታለንት ሶርሲንግ የሚባል ሙያ እንዳለ ሰማሁ። አንድ ማሰልጠኛ የአምስት ቀን ኮርስ በ18 ሺህ ብር ይሰጣል፣ ሰርተፍኬትም አለው። ከዚያ በኋላ እኔም የቅጥር አሰልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ፣ ማስተማር በጣም እወዳለሁ። ልክፈል? ሙያውስ እንጀራ ይሆናል?» ቤ.፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ ቤ.፣ ጤና ይስጥልኝ።

ብሩን ለጊዜው ያዢው። ሙያው ግን እንጀራ ይሆናል። አሰልጣኝነቱም ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ራስሽ ፈልገሽ ካገኘሻቸው ሰዎች ነው። ፈልጎ ያላገኘ ሰው ፍለጋ ማስተማር አይችልም።

አሁን የምትሠሪው ማጣራት ነው። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሰው ያመለክታል፣ አንቺ ትለያለሽ። ሶርሲንግ የሚጀምረው ማስታወቂያው የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው። ያላመለከተውን፣ ሥራ ይዞ የተቀመጠውን፣ ማስታወቂያሽን ጨርሶ ያላየውን ሰው ታገኚዋለሽ። ታነጋግሪዋለሽ። ፍላጎት ካለው እስከ ቃለ መጠይቁ ታደርሽዋለሽ።

እኛ አገር «ለአንድ ቦታ ይህን ሁሉ ሰው እያመለከተ ምን ፍለጋ ያስፈልጋል?» የሚል ኃላፊ ሞልቷል። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ የሚያነቡ ወጣቶችን ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም። ሰልፉ ረጅም የሚሆነው ግን ጀማሪ በሚፈለግበት በር ላይ ነው። በአይኤፍአርኤስ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ ሪፖርት ከጀርባው ማንም ሳይቆም የሚያዘጋጅ አካውንታንት አይሰለፍም። የሆስፒታል መሣሪያ የሚጠግን ጎበዝ የባዮሜዲካል ባለሙያም አይሰለፍም። ሥራ አላቸው፤ ጋዜጣም አይገልጡም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከዓመታት በፊት ቅጥር ላይ ስሠራ፣ አንድ ደንበኛ ለመጋዘኑ ትልቅ የማቀዝቀዣ ክፍል የሚጠግን ቴክኒሻን ፈለገ። ማስታወቂያ አወጣን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲቪ ጎረፈ። አብዛኛው የቤት ፍሪጅ የጠገነ ወይም ኤሌክትሪክ ተምሮ ሥራ ያጣ ልጅ ነበር። በመጨረሻ ሲቪውን ትቼ መርካቶ ሄድኩ። የማቀዝቀዣ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ገብቼ «ትልልቁን ኮምፕረሰር ማን ነው የሚገዛችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ባለሱቁ መጀመሪያ ተጠራጠረኝ። ጉዳዩን ሳስረዳው ከጠረጴዛው ሥር ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣ። ቁጥራቸውን ግን አልሰጠኝም። እኔ እዚያው ቆሜ ለሦስት ሰዎች ራሱ ደወለ፤ «አንድ ሰው ለሥራ ይፈልግሃል፣ ስልክህን ልስጠው ወይ?» እያለ ጠየቃቸው።

ሁለተኛው ሰውዬ ዝዋይ አካባቢ የአበባ እርሻ ላይ ነበር፤ አበባው ከመጫኑ በፊት የሚቀመጥበትን ቀዝቃዛ ክፍል እሱ ነው የሚይዘው። ሲቪ የሚባል ነገር ጽፎ አያውቅም። ሚስቱና ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ መመለስ ከፈለገ ቆይቷል። ሲቪውን አብረን ጻፍነው። ተቀጠረ።

ሶርሲንግ ይኼ ነው። ሊንክድኢንም ቴሌግራምም የሚሠሩት ያንኑ ሥራ ነው። «ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ከማን ጋር ይገናኛል? ማን ያውቀዋል?» ብሎ መጠየቅ ከቻልሽ መሣሪያው ይለመዳል። ደግሞ ልብ በይ፤ ባለሱቁ ሳይጠይቅ ቁጥር አለመስጠቱን እስካሁን አልረሳሁም። እኔ የተማርኩት ከሱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፍለጋ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ገና ከመጀመሩ በፊት ነው። የክፍሉ ኃላፊ የድሮ ማስታወቂያ ኮፒ አድርጎ ይልክልሻል፤ «ዲግሪ፣ አምስት ዓመት ልምድ፣ በቡድን መሥራት የሚችል»። በዚህ ማንንም መፈለግ አይቻልም። ቢሮው ሄደሽ ተቀመጪና ጠይቂው፤ «በሙከራ ጊዜው ውስጥ ምን ሠርቶ ቢያሳይህ ጥሩ ሰው ቀጠርን ትላለህ?» በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ስለዚህ ጥያቄው ቀነ ገደብ አለው፣ መልሱም ተጨባጭ ይሆናል። «ካሉህ ሠራተኞች በዚህ ሥራ ጎበዙ ማነው? ከየት መጣ?» በይው። ደሞዙ ስንት እንደሆነ ደግሞ ሳትሰሚ እንዳትነሺ።

ቀጥሎ ቃላት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። «ፒችትሪ የሚችል አካውንታንት» ተባልሽ እንበል። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል። እኛ አገር ግን ማስታወቂያው አሁንም ፒችትሪ ይላል። አንዱ ሲቪው ላይ የድሮውን ስም ይጽፋል፣ ሌላው አዲሱን። በአንዱ ብቻ ከፈለግሽ ግማሹ ሰው ያመልጥሻል። የሥራ መደብ ስምም እንዲሁ ነው፤ አንድ ድርጅት ሲኒየር አካውንታንት የሚለውን ሌላው ፋይናንስ ኦፊሰር ይለዋል። የሰው ስም ደግሞ አለ። ሕይወት የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሰው በሦስትና በአራት ዓይነት ይጽፈዋል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን በአባት ስም ማጥበብም ሁልጊዜ አይሳካም። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ያዢና ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታ የቃላት ዝርዝር ሥሪ፤ የመደቡ ስሞች፣ የሶፍትዌሩ ስሞች፣ ሰዎቹ የሚሠሩባቸው የድርጅት ዓይነቶች፣ የተማሩባቸው ቦታዎች።

ቡሊያን ሰርች የሚሉት፣ ቃላትን እያጣመሩ ኢንተርኔት ላይ የመፈለጊያ ዘዴ፣ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ስሙን ያገኘው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ከጆርጅ ቡል ነው። ነገሩ «እና»፣ «ወይም» እና «ያልሆነ» የሚሉትን ሦስት ቃላት በእንግሊዝኛ በትልልቁ ፊደል (AND፣ OR፣ NOT) መጻፍ፣ ሁለት ቃል አብሮ እንዲመጣ ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ መክተት ነው። አንድ ከሰዓት ይበቃሻል። ለዚህ ብቻ 18 ሺህ ብር አይከፈልም።

ሰውየውን ካገኘሽ በኋላ ያለው መልእክት ይበልጥ ይከብዳል። «አስቸኳይ ክፍት የሥራ ቦታ! ሲቪ ይላኩ» የሚል ነገር ሥራ ያለው ሰው አይመልስም። እኔ እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። የጠርሙስ መሙያ መስመር ጥገና ላይ ስድስት ዓመት መሥራትዎን ፕሮፋይልዎ ላይ አይቼ ነው የጻፍኩልዎት። ቃሊቲ ያለ አንድ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ይፈልጋል። የተጣራ ደሞዙ ከዚህ እስከዚህ ነው፣ ሰርቪስ አለው። ለ10 ደቂቃ ብደውልልዎት ይመችዎታል? ካልፈለጉም ምንም ችግር የለም፣ ደግሜ አላስቸግርዎትም።»

ለምን እሱን እንደመረጥሽ ይታያል። ቦታው አለ፣ ደሞዙ አለ። እምቢ ማለትም ይችላል። «አላስቸግርዎትም» ካልሽ ደግሞ ቃልሽን ጠብቂ።

የሚቀጥለውን የምጽፍልሽ ከልቤ አዝኜ ነው። አንድ ጊዜ ለመጨረሻው ዙር የደረሰ ልጅ ነበር። ድርጅቱ ቅጥሩን ሰረዘ። እኔም በሥራ ተወጥሬ ሳልነግረው ቀረሁ። ከሁለት ወር በኋላ መንገድ ላይ አገኘኝ። የኛን መልስ እየጠበቀ ሌላ ሥራ አሳልፎ ነበር። አልተቆጣኝም፤ «ብትነግሩኝ ኖሮ» ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርብ ከሰዓት መልስ የምሰጥበት ጊዜ ሆነ። ላለፈውም ለወደቀውም ሳልነግር ወደ ቤቴ አልሄድም ነበር። አንቺም ይህን ልማድ ከመጀመሪያው ሳምንት ያዢ።

ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ አይወሰድም። ይኸው አዋጅ 1156/2011 የአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል ያደርጋል፤ የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። «ለሻይ» የሚልሽም ይመጣል፣ እንዳትነኪው። ወደ አረብ አገር የሚደረግ ስምሪት ደግሞ የራሱ አዋጅና የራሱ ፈቃድ ያለው ሌላ ሥራ ነው። «ልጆች አምጪልኝ፣ በነፍስ ወከፍ እከፍልሻለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ በሩን ዝጊ። የሰውን ሲቪ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መወርወርም ይቅር። ሲቪ ላይ የልደት ቀን፣ ስልክ፣ አንዳንዴም የጋብቻ ሁኔታ አለ። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። ባለቤቱን ሳትጠይቂ ለማንም አታስተላልፊ።

እንጀራ ይሆናል ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ፣ ማለትም አክሲዮን የሚገበያይበት ቦታ፣ በጥር 2017 ሥራ ጀመረ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ፓርላማው ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተውን የባንክ ሥራ አዋጅ አጸደቀ። እዚያ የሚፈለገውን ሥራ በዚያው የመደብ ስም የሠራ ሰው አገር ውስጥ ብዙ አታገኚም። ስለዚህ በመደብ ስም መፈለግ አይሠራም፤ ችሎታው ያለው ሰው ዛሬ በምን ስም፣ የት ተቀምጦ እንደሚሠራ ማሰብ ያስፈልጋል። ይህን የሚችል ሰው ይፈለጋል። ለውጭ ድርጅቶች ከቤት ሆነው የሚሠሩ ሶርሰሮችም አሉ፤ ለዚያ የጠራ የጽሑፍ እንግሊዝኛና የሠራሽው ፍለጋ ማስረጃ ይጠይቁሻል።

አሁን ወደ አሰልጣኝነቱ። ማስተማር መውደድሽ ትልቅ ነገር ነው። ግን የምታስተምሪው ነገር ይኑርሽ። ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዢ። ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታ ምን ቃል ተጠቀምሽ፣ ስንት ሰው አገኘሽ፣ ለስንቱ ጻፍሽ፣ ስንቱ መለሰ፣ ስንቱ ቃለ መጠይቅ ገባ፣ ማን ተቀጠረ፣ ከስድስት ወር በኋላ አለ ወይ? ሃያ ቦታ እንዲህ ሞልተሽ ከጻፍሽ የሥልጠና ማኑዋልሽ እጅሽ ላይ ነው። ያልተሳካውን ከተሳካው በላይ አብራርተሽ ጻፊ፤ ሠልጣኝ ብዙ የሚማረው ከሱ ነው።

የመጀመሪያ ተማሪዎችሽ ደግሞ የራስሽ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ይሁኑ። ሁለት ሰዓት ብቻ ጠይቂ። ርዕሱ ቃለ መጠይቅ ይሁን። «እስቲ ስለራስህ ንገረኝ» ብሎ ጀምሮ በወሬ የሚያልቅ ቃለ መጠይቅ አገሩን ሞልቶታል። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅና መልሱን አስቀድሞ በተዘጋጀ ነጥብ መመዘን የተሻለ ሰው እንደሚመርጥ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሽሚትና ሀንተር የሚባሉ ተመራማሪዎች የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ በደንብ የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ ከልቅ ቃለ መጠይቅ በልጦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳኬትና ባልደረቦቹ ቁጥሮቹን እንደገና ሲፈትሹ ይኸው ዓይነት ቃለ መጠይቅ ከመመዘኛዎቹ ሁሉ አናት ላይ ወጣ። ይህን ለአንድ ኃላፊ አሳይተሽ የሱን አምስት ጥያቄዎች አብረሽው ብትጽፊ አሰልጣኝ ሆነሻል ማለት ነው።

ሥልጠና ሲያልቅ «በጣም ጥሩ ነበር» የሚል ወረቀት ማስሞላት ለምደናል። የሥልጠና ምሁሩ ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ሥልጠና የሚለካበትን አራት ደረጃ ሲያስቀምጥ ያ ወረቀት የመጀመሪያው ብቻ ነበር። ቀሪዎቹ ሦስቱ እነዚህ ናቸው፦ ተማሩ ወይ? ሥራ ላይ አዋሉት ወይ? ውጤት ተለወጠ ወይ? ከሁለት ወር በኋላ ኃላፊው ቢሮ ሂጂና አምስቱን ጥያቄዎች አሁንም ይጠይቅ እንደሆነ እዪ።

ስለ ኮርሱ ላንሳ። ማሰልጠኛው ጋ ሄደሽ ሦስት ነገር ጠይቂ። አሰልጣኙ ባለፈው አንድ ዓመት ራሱ የትኞቹን ቦታዎች ሞላ? በአምስቱ ቀን ውስጥ እውነተኛ ክፍት ቦታ ይዘን እንፈልጋለን ወይ? ካለፈው ዙር ሠልጣኝ ጋር ልነጋገር? ሦስቱንም በደንብ ከመለሱልሽ ከሦስት ወር በኋላ ብትገቢ አልቃወምም፤ ያኔ የምትጠይቂው ጥያቄ ይዘሽ ትገቢያለሽ። እንደ ሲአይፒዲና ኤስኤችአርኤም ያሉት ዓለም አቀፍ የሰው ኃይል አስተዳደር ሰርተፍኬቶች ክብደት አላቸው፤ ነገር ግን ክፍያቸው በውጭ ምንዛሬ ነው። የሚጠይቅሽ ቀጣሪ ሲመጣ ይደርሳል፣ ከተቻለም እሱ ይክፈለው።

እስከዚያ ይህን አድርጊ። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ከሁለት ወር በላይ ሳይሞላ የቆየ አንድ ቦታ አለ፤ መኖሩን አልጠራጠርም። ሰኞ ጠዋት ያንን የሚፈልገውን ኃላፊ አነጋግሪ። ከሥራሽ ሰዓት ውጭ ለሁለት ሳምንት ፈልጊ። ሠላሳ ስም አግኝተሽ ለአሥራ አምስቱ ጻፊ። ስንቱ እንደመለሱና ምን እንዳሉሽ ከነደብተርሽ ላኪልኝ፣ መልእክቶችሽን አብረን እናያቸዋለን።