የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሜካኒካል ኪቦርድ ኪካፕ ሲቀየር

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ስለ ኪካፕ ናቸው፤ በሜካኒካል ኪቦርድ ስዊቾች (ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሆነው መጫኑን ለኮምፒውተሩ በሚያሳውቁት ክፍሎች) ላይ ስለሚሰካው፣ ፊደል ስለተጻፈበት የፕላስቲክ ክዳን።

ጥያቄ፦ የኪቦርዴ ፊደላት ተፍቀው ስላለቁ ሙሉ ኪካፕ ከውጭ የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ከመጣ በኋላ መመለስ ስለማይቻል እንዳይገጥም ሰግቻለሁ። ከማዘዜ በፊት ምን ልመልከት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መስጋትዎ ተገቢ ነው። ኪካፕ ሲገዛ ገንዘብ የሚባክነው በፊደል ቁልፎቹ ሳይሆን በታችኛው ረድፍ ነው። የፊደል ቁልፎቹ በአብዛኛው ኪቦርድ ላይ አንድ ልክ ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ኪካፕ ነቅለው ከሥሩ ያለውን ስዊች ይዩ። መሃሉ ላይ የቆመው ግንድ የመደመር ምልክት ቅርጽ ካለው፣ ቼሪ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣው የኤምኤክስ ቅርጽ ነው። ጌትሮን፣ ካይልና ሌሎችም ከሚሠሯቸው ስዊቾች አብዛኞቹ ይህንኑ ስለሚከተሉ፣ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ኪካፕ ይሰካበታል። ጎን ለጎን ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ካዩ ግን ስዊቹ ዝቅ ያለው የካይል ቾክ ሳይሆን አይቀርም። ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ኪካፕ ብቻ ነው የሚሆነው።

ከዚያ ማስመሪያ ያንሱ። የቁልፍ ስፋት የሚነገረው በ«ዩ» ነው። 1 ዩ ከአንዱ ቁልፍ መሃል እስከ ቀጣዩ ቁልፍ መሃል ያለው 19.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመካከል ክፍተት ስለሚተው ኪካፑ ራሱ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስፔስ ባሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩት። 118 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ 6.25 ዩ ነው፤ የተለመደውም ይኸው ነው። 123 አካባቢ ከሆነ 6.5 ዩ፣ 132 አካባቢ ከሆነ ደግሞ 7 ዩ ነው። በተለመደው ኪቦርድ ከስፔስ ባር ግራና ቀኝ ያሉት ቁልፎች ሁሉም 1.25 ዩ፣ ማለትም ወደ 23 ሚሊ ሜትር ናቸው። ቆየት ባሉ አንዳንድ የጌም ኪቦርዶች ላይ ግን ኮንትሮሉ 1.5 ዩ፣ ዊንዶውሱ 1 ዩ፣ ስፔስ ባሩ 6.5 ዩ ነው። ለእነዚህ የሚሆን ስፔስ ባር ማግኘት ከባድ ስለሆነ የድሮውን አይጣሉት።

ኪቦርድዎ ትንሽ ከሆነና ቀስቶቹ ከቀኝ ሺፍት ሥር ተጠግተው ከተሰደሩ፣ ቀኝ ሺፍቱ ብዙ ጊዜ 1.75 ዩ (32 ሚሊ ሜትር ገደማ) ነው። ባለ104 ቁልፍ ስብስብ ውስጥ የሚመጣው ሺፍት 2.75 ዩ ስለሆነ አይገባበትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ኪቦርድ ትርፍ መጠኖች ያሉበትን፣ 130 እና ከዚያ በላይ ቁልፍ የያዘውን ስብስብ ይፈልጉ። ሻጩ የእያንዳንዱን ቁልፍ መጠን በሥዕል ካላሳየ አይግዙ።

ፊደል ስለጠፋብዎ አንድ ነገር እንጨምር። ፊደሉ ከላይ የተቀባ ኪካፕ ከገዙ እንደገና ይፋቅብዎታል። «ደብል ሾት» የሚባለው ፊደሉ ራሱ በሌላ ቀለም ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ አይፋቅም። ከፕላስቲኮቹ ደግሞ ኤቢኤስ ከጣት ቅባትና ግጭት የተነሳ ቶሎ ያብረቀርቃል፤ ፒቢቲ ሸካራነቱን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ኪካፑን ስስበው ስዊቹ አብሮ ወጣ። ኪቦርዱ ተበላሸ ማለት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ስዊቹ ሙሉ ለሙሉ ከወጣና ከሥሩ ሁለት የብረት እግሮች ከታዩ፣ ኪቦርድዎ ስዊቾቹ ያለ ብየዳ የሚሰኩበት ዓይነት ነው፤ አልተበላሸም። እግሮቹ ተጣመው እንደሆነ በወረንጦ ቀጥ ያድርጓቸው፣ ከቀዳዳዎቹ ጋር ያስተካክሉና ቀጥ አድርገው ወደታች ይጫኑ። በግድ ማስገባት አይገባም፤ የተጣመመ እግር ከታጠፈ ቁልፉ አይሠራም፣ ከሥር ያለውም መሰኪያ ከቦርዱ ሊላቀቅ ይችላል። የወጣው የስዊቹ የላይኛው ግማሽ ብቻ ሆኖ ስፕሪንጉ ከታየ ግን ስዊቹ የተበየደ ሊሆን ይችላል። ስፕሪንጉንና ግንዱን በቦታቸው መልሰው ክዳኑን ቀጭ እስኪል ይጫኑት።

ለሌላ ጊዜ ግን ቀለበት መሳይ የፕላስቲክ መንቀያ ትተው ባለሁለት ሽቦውን ይጠቀሙ፤ የፕላስቲኩ የኪካፑን ጎን ይቧጥጣል። ሽቦዎቹን በኪካፑ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ሥር ያስገቡ፣ በትንሹ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ቀጥ ብለው ወደላይ ይሳቡ። ወደ አንድ ጎን አጋድሎ መሳብ ግንዱን ይሰብራል። ከመጀመርዎ በፊት የኪቦርዱን ፎቶ ያንሱ።

አዲሱ ኪካፕ ሲሰካ በአውራ ጣት ቀጥ ብሎ መጫን ይበቃዋል። ሲጠብቅ በኃይል አይግፉት፣ የኪካፑ ቀዳዳ ይሰነጠቃል። ቀደምት የካይል ቦክስ ስዊቾች ግንዳቸው በጥቂቱ ወፍራም ስለነበር ብዙ ኪካፕ ሰንጥቀዋል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2018 ቅርጹን አስተካክሏል። በተቃራኒው ኪካፑ ላልቶ በጣት ከተነሳ፣ ከስስ ፌስታል ትንሽ ቁራጭ ግንዱ ላይ አልብሰው ኪካፑን ከላይ ይሰኩት። ሙጫ አይጠቀሙ፤ ኋላ ኪካፑን ለመንቀል ስዊቹን መስበር ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ ሌሎቹ ሁሉ በደንብ ይሠራሉ፤ አዲሱ ስፔስ ባር ግን ሲጫን ታች ተይዞ ይቀራል ወይም ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በመጀመሪያ የድሮውን ስፔስ ባር መልሰው ይሞክሩ። የድሮው በደንብ ከተመለሰ ጥፋቱ አዲሱ ላይ ነው፣ እርሱም ከያዘ ደግሞ ከሥር ያለው ስታቢላይዘር ላይ ነው። ስታቢላይዘር የረጅም ቁልፍ ሁለት ጫፎች እኩል እንዲወርዱ የሚያደርግ፣ በሽቦ የተያያዘ ጥንድ ክፍል ነው።

አዲሱ ላይ ከሆነ መጣመሙን ይዩ። ፒቢቲ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ረጃጅም ቁልፎቹ ብዙ ጊዜ እንደ ቀስት ጎብጠው ይመጣሉ። ስፔስ ባሩን መስተዋት ላይ በጠርዙ ያስቀምጡና ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ይመልከቱ። ካለ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። የአዲስ አበባ ውሃ ከከፍታዋ የተነሳ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ከእሳት የወረደው ውሃ ለፒቢቲ ተስማሚ ነው። ኤቢኤስ ከሆነ ግን አይሞክሩት። ካወጡት በኋላ በጓንት ይዘው ከጉብጠቱ በተቃራኒ በጥቂቱ ያጉብጡት፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠው ክብደት ይጫኑበትና ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። አንድ ጊዜ ካልተስተካከለ መድገም ይቻላል።

ስፔስ ባሩ ቀጥ ያለ ከሆነ በሁለቱ ጫፎች ያሉትን የስታቢላይዘር መሰኪያዎች ርቀት ይለኩ። ለ6.25 ዩ ከመሃል መሃል 100 ሚሊ ሜትር ነው። አዲሱ ከዚህ ከተለየ መሰኪያዎቹን ወደ ጎን እየገፋ ስለሚይዝ መፍትሔው ሌላ ስፔስ ባር ብቻ ነው።

ጥፋቱ ስታቢላይዘሩ ላይ ከሆነ ስፔስ ባሩን አውጥተው ሽቦውን ይመርምሩ። ሲነቀል በአንድ ጎን ከመንጠቆው መውጣቱ የተለመደ ነው። ወደ መንጠቆው ይመልሱት፣ ከዚያም የሽቦው ጫፎች መሰኪያውን የሚነኩበት ቦታ ላይ በቀጭኑ የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡ። ቫዝሊንም የመኪና ግሪስም አይሁን። ግሪስ ሲበዛም ቁልፉ ይዘገያል።

ጥያቄ፦ ቼሪ ፕሮፋይል (ፕሮፋይል የኪካፑ ከፍታና ቅርጽ ነው) የሚባለውን ዝቅ ያለ ኪካፕ ገጠምኩ። መሃለኛው የፊደል ረድፍ ብቻ ድምፁ የታፈነና ደስ የማይል ሆነብኝ። (ከዱባይ)

መልስ፦ የስዊቾቹ የመብራት ቀዳዳ ወደ ስክሪኑ ዞሮ ከሆነ፣ በዚያ ረድፍ የቼሪ ኪካፕ ጠርዝ ስዊቹ ወደታች ከመድረሱ በፊት የስዊቹን ሽፋን ይነካል። ከጥፋትዎ ሳይሆን ከቅርጾቹ አለመጣጣም ነው። ከፍ ያለውን ኦኢኤም ፕሮፋይል መጠቀም ይገላግልዎታል።

ጥያቄ፦ የጀርመን ኪቦርድ አለኝ። የአሜሪካ ኪካፕ ስብስብ ብገዛ ምን ይጎድለኛል? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ የኢንተር ቁልፉ። የጀርመኑ ኢንተር ሁለት ረድፍ የያዘ ነው፤ በአሜሪካ ስብስብ ውስጥ ያለው ጠፍጣፋው ኢንተር በምንም መንገድ አይተካውም። ግራ ሺፍትዎም 1.25 ዩ ሲሆን የአሜሪካው 2.25 ዩ ነው፤ ከሺፍቱ ጎን ያለችው ትርፍ ቁልፍም በአሜሪካው ስብስብ ውስጥ የለችም። ስብስቡ ላይ «አይኤስኦ» (እንደ ጀርመኑ ያለው የቁልፍ አሰዳደር ስም) የሚል ካልተጻፈ ይተዉት። ዋይ እና ዜድ ላይም ይጠንቀቁ፤ በጀርመን አቀማመጥ ቦታ ይለዋወጣሉ። ረድፎቹ የተለያየ ከፍታና ዝንባሌ ባላቸው ቼሪና ኦኢኤም ፕሮፋይሎች ላይ ቢያቀያይሯቸው አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ሁሉም ረድፍ እኩል የሆነበት ኤክስዲኤ ወይም ዲኤስኤ ይህ ችግር የለበትም።

ጥያቄ፦ የላፕቶፕ ቁልፎችንስ እንዲህ መቀየር ይቻላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይቻልም። የላፕቶፕ ቁልፍ ከሥሩ ባለ ስስ የፕላስቲክ ማጠፊያ ይያዛል፤ ማጠፊያው እንደየሞዴሉ ይለያያል። የተሰበረ ቁልፍ የሚተካው ከዚያው ሞዴል በወጣ ቁልፍ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ በአማርኛ እንዲጽፉ ፊደሉ የታተመበት ኪካፕ እፈልጋለሁ። በልክ ማሠራት ይቻላል? የትኞቹን ፊደላት ላሳትም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ይቻላል፤ በጣም ጥሩ ሐሳብም ነው። ለዚህ የሚመከረው ቀለሙ በሙቀት ፕላስቲኩ ውስጥ የሚሰርግበት ኅትመት ነው። ኪካፑ ፒቢቲና ፈዛዛ ቀለም መሆን አለበት፤ ይህ ቀለም ያጠቁራል እንጂ ማንጣት አይችልም፣ ኤቢኤስ ደግሞ በዚያ ሙቀት ይበላሻል።

ምን ይታተም ለሚለው፣ አማርኛው ድምፁን በሚመስለው የላቲን ፊደል ቁልፍ የሚጻፍበት ሶፍትዌር ከሆነ የምትጠቀሙት ሳድሱን ያሳትሙ፤ ቁልፉ መጀመሪያ ሲነካ የሚወጣው እርሱ ነው። ቀጥሎ የሚነካው አናባቢ ነው ወደ ግዕዝ፣ ካዕብ ወይም ሌላ የሚለውጠው። ሰባቱንም ቅርጾች ማጨናነቅ ልጆቹን ግራ ያጋባል። በሺፍት የሚመጣውን ከላይ፣ ያለ ሺፍት የሚመጣውን ከታች ያድርጉ፦ ቲ ላይ «ጥ» እና «ት»፣ ሲ ላይ «ጭ» እና «ች»፣ ፒ ላይ «ጵ» እና «ፕ»፣ ኤን ላይ «ኝ» እና «ን»፣ ዜድ ላይ «ዥ» እና «ዝ»። «ሐ»፣ «ኀ»፣ «ሠ» እና «ፀ» የሚወጡበት መንገድ ግን ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል። ስለዚህ ልጆቹ በሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱን ቁልፍ ያለ ሺፍትም በሺፍትም ነክተው የወጣውን በወረቀት ይመዝግቡ፤ ለአታሚው የሚልኩት ይህንኑ ይሁን።

ፊደሉ ከ4 ሚሊ ሜትር ባያንስ ይሻላል፤ «ጭ» እና «ጵ» በትንሽ መጠንና በቀጭን ፎንት ሲታተሙ እግሮቻቸው ይደፈናሉ። ፊደሉን በፎንት ሳይሆን ወደ መስመር ሥዕል በተለወጠ ፋይል ይላኩ፤ አታሚው የአማርኛ ፎንት ከሌለው በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ይታተማል። ሙሉውን ከማዘዝዎ በፊት የአንድ ወይም የሁለት ቁልፍ ናሙና ይጠይቁ፤ በተለይ «ጭ» ያለበትን።