ይቺ እግሬም ትነሣለች?

ሰሞኑን አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ቤቴ መጥታ ቡና እየጠጣን «ሲስተር፣ እግዚአብሔር የሚወደው ሰው ለምን ይታመማል?» አለችኝ። ወዲያው አንዲት እናት ትዝ አሉኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። እዚሁ ጅማ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን። ክረምት ነበር፣ ጭቃው አያስኬድም። እኒያ እናት ከገጠር በእግራቸው መጡ። ዝሆኔ አለባቸው። ያበጠ እግራቸውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው፣ ከወረፋው ርቀው ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ነጠላው ቁስሉ ላይ ተጣብቋል። በለብ ያለ ውሃ እያረጠብኩ ቀስ ብዬ አላቀቅኩት። በጣቶቻቸው መሃል ቀይ ጭቃ ደርቋል። ሽታው አሳፍሯቸው ፊታቸውን አዞሩ። በመንደራቸው እርግማን ነው ተብለዋል። ሠርግ አይጠሩም። ቤተ ክርስቲያንም ከደጀ ሰላም አያልፉም።

እግራቸውን በሳሙና ሳጥብ «ልጄ፣ ሙታን ይነሣሉ እንላለን። ይቺ እግሬም አብራ ትነሣለች?» አሉኝ።

የምለው ጠፋኝ። አድርቄ፣ ቫዝሊን ቀብቼ ሸኘኋቸው። ዳግመኛ አልመጡም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እሳቸውን የያዛቸው ዓይነት ዝሆኔ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም። ከአፈሩ ጋር አያይዞ ያጠናው ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪምም የሠራው እዚሁ አገራችን ነው።

የዛሬ ልጆች የፈውስ ቪዲዮ ስትቀባበሉ ትውላላችሁ። እኔም በፈውስ አምናለሁ፤ በጸበል የዳነ ሰው አይቻለሁ። ያልዳነውን «እምነትህ ጎድሎ ነው» ስትሉት ግን ያመኛል። ጳውሎስ ስንቱን ፈውሶ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። የራሱ የሥጋ መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። የእምነት ጉድለት ነበረበት ልትሉት ነው?

ለተማሪዋ «ለታመመ ሰው ስለ ሕመም ትርጉም አትስበኪ» አልኳት። ራሴ ግን ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ስሰብክላት ቆየሁ። ተስፋችን ነፍስ ከሥጋ ታመልጣለች የሚል ብቻ አይደለም። በጸሎተ ሃይማኖት «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» እንላለን። «በውርደት ይዘራል፤ በክብር ይነሣል» የተባለው ይኸው የሚያመን ሥጋ ነው። ጌታም ሲነሣ የችንካሩ ምልክት እጁ ላይ ነበር፤ ለቶማስ አሳይቶታል። አሁን ቢሆን «አዎ እማማ፣ ትነሣለች። ያኔ አታምዎትም፣ ከደጅ የሚያስቀርዎትም የለም» እላቸው ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ደጀ ሰላም ላይ ካገኛችሁ መጀመሪያ እጁን ጨብጡት። እግሩን በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅባት እንዲቀባ ንገሩት። ጤና ጣቢያም አድርሱት። ጫማ ልግዛለት ካላችሁ መርካቶ ተደርድሮ የሚሸጠው ያበጠ እግር አያስገባም፤ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ በልኩ አሠሩለት።